የሳሙናው ልብስ

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ጭልጤ ይላታል። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው። በተጋቡ ሰሞን ድስት ጥዳ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች በሐሳብ ጭልጥ ትላለች፤ ውሃው ፈልቶ ያልቅና ድስቱ መንጨርጨር ሲጀምር ባሏ ከወዲያ ክፍል «ኧረ ጭልጤ፣ ተመለሽ!» ብሎ ይጣራል። ስሙ ከቤት ወጥቶ ሰፈር ለመግባት ጊዜ አልፈጀበትም። እሷም አልተቀየመችም። እንዲያውም ሰው በእውነተኛ ስሟ ሲጠራት ዞር ብላ ሌላ ሴት ትፈልጋለች።

የሥራ ዕድሜዋን የጨረሰችው በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ሆስፒታሉ ትልልቅ ማሽኖች ያስገባ ጊዜ ሴቶቹን አመስግኖ ሸኛቸው። የሥራው ሳሙና እጇን ስንጥቅጥቅ አድርጎት ነበርና ቤት የዋለች ሰሞን ሳሙና መሥራት የጀመረችው ለራሷ እጅ ብላ ነው። የዘይቱንና የሶዳውን ልክ ከድሮ ባልደረባዋ ተማረች። ከጓሮ ያለችውን ትንሽ ክፍል ጠርጋ፣ በእንጨት ቅርጽ እያፈሰሰች፣ ሲረጋ በቀጭን ሽቦ እየቆረጠች መደርደሪያ ላይ ትደረድረዋለች። ከዚያ ሳሙናው ለሳምንታት ይተኛል። እሷም በርጩማ ስባ አጠገቡ ትቀመጣለች። ምን እንደምትጠብቅ የሚያውቅ የለም። ባሏ በበሩ ሲያልፍ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ተነሡ ወይስ ገና ተኝተዋል?» ይላታል።

ለጎረቤት በጋዜጣ እየጠቀለለች ስትሰጥ ስትሸጥ ቆየች። ሳሙናው የሎሚ ቅጠል ይሸታል፤ ግን ጎልቶ አይደለም፤ ሰው በሎሚ ዛፍ ሥር አልፎ ከሄደ በኋላ ልብሱ ላይ እንደሚቀረው ያህል ነው። ሴት ልጇ የምትሠራበት ሱቅ ባለቤት ይህን ሽታ ከልጅቷ እጅ ላይ አገኘችው። እጇን ይዛ አሸተተችና፣ «እናትሽ ናት የሠራችው? በይ አምጪልኝ። ግን በጋዜጣ ጠቅልለሽ እንዳታመጪው። ሱቄ የሚገባ ነገር ልብስ ይልበስ» አለቻት።

እሑድ ከምሳ በኋላ ገበታው ሳይነሣ ምክክሩ ተጀመረ። ልጅቷ ሐሳቧን ጨርሳ ነው የመጣችው። «ካርቶን ይሁን። ላዩ ላይ የቆንጆ ሴት ፎቶ፣ ትከሻዋ ላይ አረፋ» አለች።

አባቷ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ጥርሱን እየጎረጎረ፣ «የእኔን ፎቶ አድርጉበት። ራሴ ላይ ፀጉር ስለሌለ ንጽሕናዬ ከሩቅ ይታያል» አለ።

«አባዬ፣ ቁምነገር እያወራን ነው።»

«እኔስ መች ቀለድኩ?»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ አንቺ ምን ታስቢያለሽ?»

እትዬ ጭልጤ የገበታውን ጨርቅ ጫፍ እያጠፈች፣ እየፈታች ነበር። «እየመጣልኝ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«እንጃ። ነጭ ነገር ነው። ይንቀሳቀሳል።»

«በግ እንዳይሆን ብቻ» አለ ባሏ።

በማግስቱ ሳሙናውን በመሐረብ ቋጥራ ወደ አታሚው ሄደች። አታሚው ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ነው የሚሠራው፤ የሠርግ ጥሪና የሱቅ ደረሰኝ ያትማል። ጣቶቹ ከቀለም ጋር ከመኖራቸው ብዛት የትኛው ቆዳ፣ የትኛው ቀለም እንደሆነ አይለይም። ሳሙናውን በማስመሪያ ለካ፣ አሸተተ፣ እንደገና ለካ። «ከሁለት ቀለም በላይ ካልፈለጉ እኔ እዚሁ እጨርስልዎታለሁ፣ እትዬ» አላት። ከጥቂት ቀናት በኋላም ናሙና አሳያት፦ አረንጓዴ ካርቶን፣ ላዩ ላይ ለሁለት የተቆረጠ ሎሚ፣ ከሎሚው የሚንጠባጠብ ውሃ።

«ቆንጆ ነው» አለች፣ የጎረቤት ልጅ ሲያሳዩዋት እንደምትለው ዓይነት።

አታሚው ገባው። «ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም፣ ወንድሜ። ሳሙናዬ ግን ውስጡ የለም።»

«ገና አላስገባነውማ!»

«ብናስገባውም አይኖርም።»

አታሚው ራሱን አከከና እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ። ደንበኛ አበሳጭቶት ያውቃል፤ እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ ያበሳጨው ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ እትዬ ጭልጤ ከተማውን መዞር ጀመረች። ሱቅ ትገባለች፣ የብስኩት ካርቶን ታነሣለች፣ በአውራ ጣቷ ጠርዙን ትዳስሳለች፣ ትመልሳለች። የሻማ ፓኮ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታንኮሻኩሻለች። ባለሱቆች በጥርጣሬ ይከተሏታል። አንዱ እንዲያውም «እናቴ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቃት። «አለ፤ ስሙ ነው የጠፋኝ» ብላው ወጣች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጨርቃ ጨርቅ መሸጫ ውስጥ ቆማ ሳለ አንድ ሠራተኛ የመጋረጃ ጣቃ ዘርግቶ ሲያራግፈው ነፋሱ ፊቷን ነካት። ያኔ መጣላት። የሆስፒታሉ የጀርባ ግቢ ነው፤ እሷም ገና ልጅ እግር። ከዳር እስከ ዳር በተወጠረው ገመድ ላይ አንሶላው በረድፍ በረድፍ ተሰጥቷል። በመካከሉ ትሄዳለች። ግራና ቀኟ ነጭ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይተነፍሳል። ፀሐይዋ ከወዲያ በኩል በጨርቁ ውስጥ አልፋ ትመጣለች። ሴቶቹ ከአንሶላው ጀርባ ያወራሉ፤ ጥላቸው ይታያል እንጂ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። አንዷ ትስቃለች። ድንገት በአንሶላው መካከል እርጥብ እጅ ይወጣና ክንዷን ይይዛታል፤ እሷም ትጮኻለች፤ ሁሉም ይስቃሉ። የታመመ ሰው የተኛበት ጨርቅ ነው፤ ግን እዚያ ገመድ ላይ ሲሆን በሽታ የሚባል ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስልም። መጋረጃ ሻጩ «እትዬ፣ ስንት ሜትር?» እስኪላት ድረስ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበረች።

በቀጥታ ወደ አታሚው ሄደች። «ነጭ ይሁን። ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ» አለችው።

«ነጭ ካርቶን አለ። ብርሃን የሚያሳልፍ ካርቶን ግን ገና አልተወለደም» አለ አታሚው። «ደግሞ ነጭ ነገር ሱቅ እስኪደርስ የሰው ጣት ሁሉ ያርፍበታል።» ቢሆንም ጥቂት ስስ ነጭ ወረቀት ቆጥሮ፣ ይሞክሩት ብሎ ሰጣት።

ቤት ገብታ መታገሥ አቃታት። መደርደሪያው ላይ ገና በቅጡ ያልደረቁትን ሳሙናዎች አንሥታ ጠቀለለች። በማግስቱ ስታያቸው ወረቀቱ ዘይቱን ጠጥቶ እዚህም እዚያም ተለጣጥፎ ነበር። በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። ባሏ ገብቶ አያትና አንዱን አነሣ። ይዞት ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ጭልጤ፣ ነይ እስቲ እዪ።»

«ምኑን ልየው? ተበላሸ እኮ።»

«ነይ ስልሽ።»

ተነሥታ ሄደች። ዘይት የነካው የወረቀቱ ማዕዘን ላይ የከሰዓቷ ፀሐይ ገብታ ነበር። ጠርዙ በርቷል። በዚያ ብርሃን ውስጥ የሳሙናው ጥላ ለስላሳ ሆኖ፣ ከአንሶላ ጀርባ እንደቆመ ሰው ይታያል። እትዬ ጭልጤ አፏን በእጇ ያዘች። ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወጥታ ሄደች።

አታሚው በዘይት የራሰውን ወረቀት እያገላበጠ አየ። ከዚያ ከመደርደሪያው ጀርባ ገብቶ፣ ዕቃ አንኳኩቶ፣ አንድ ጥቅል ይዞ ወጣ። ኬክ ቤቶች ከብስኩት ሥር የሚያነጥፉት፣ ጭጋግ የመሰለ ወረቀት ነው። «ይህ ዘይት አይጠጣም፣ ጣትም አይይዝም» አለ። «ችግሩ የእኔም ቀለም አይይዝለትም።»

«ቀለሙ ይቅር።»

«ስሙስ? ሳሙና ያለ ስም ሱቅ አይገባም፣ እትዬ።»

አታሚው ከጠንከር ያለ ወረቀት ቀጭን ቁራጭ ቆረጠና በጥቅሉ ወገብ ላይ እንደ መቀነት አዞረው። «ጽሑፉ እዚህ ላይ ይሆናል» አለ። እሷ ደግሞ ወረቀቱን እንደ ሆስፒታሉ አንሶላ ማዕዘን ማዕዘኑን እያጠፈች ጠቀለለችው፤ ሙጫ አላስፈለገውም።

የቀረው ስሙ ነበር። ልጅቷ የፈረንጅ ቃላት ስትደረድር ዋለች። አባቷ ሰምቶ ሰምቶ፣ «ምን ያደክማችኋል? ጭልጤ ይባላ!» አለ።

«ኧረ ውርደት!» አለች ሚስቱ፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ግን አታሚው ዘንድ ስትደርስ ሌላ ስም አልተናገረችም።

ባለሱቋ ሳሙናዎቹን መስኮቱ አጠገብ ደረደረቻቸው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባ ሁሉም አንድ ላይ ያበራሉ። መንገደኛ ይቆማል፤ ይገባል፤ ይዞ ይወጣል። የመጀመሪያው ዙር ተሸጦ አለቀ፤ እትዬ ጭልጤም ጓሮዋ ውስጥ ዘፈን ስታንጎራጉር ተሰማች።

ከዚያ በኋላ ግን ገበያው ቀዘቀዘ። ከገዛው ሰው አንድም ተመልሶ አልመጣም። ሳሙናው ቆዳ አቃጥሎ ይሆን እያለች እህል አልወርድላት አለ። በመጨረሻ ልጅቷ ሱቅ ለሌላ ጉዳይ የመጡትን ደንበኞች ጠየቀች። አንዷ፣ «አልከፈትኩትማ! አሳዘነኝ» አለቻት። ሌላዋ ልብሷ መካከል አኑራዋለች። የአንዷ አማት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አቁማ እንግዳ ሲመጣ ታሳያለች። ባለሱቋ በሳቅ ፈርሳ፣ «እናትሽ ሳሙና ነው ያለችኝ፤ ለካ ጌጥ ነው የሸጠችልኝ!» አለች።

እትዬ ጭልጤ አልሳቀችም። «ለእጅ ነበር እኮ የሠራሁት» አለች። «ተቀምጦ እንዲታይ አይደለም።» ልጅቷ ወደ ካርቶኑ እንመለስ አለች። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀት ማጠፍ አቆመች።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ባሏ የጎረቤት መኪና ሲጠጋግን አርፍዶ ገባ። እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ ነው። እትዬ ጭልጤ ልብስ እያጣጠፈች ሳለ ከመታጠቢያው በኩል የወረቀት መቀደድ ድምፅ ሰማች። ብድግ ብላ ሄደች። መጀመሪያ የጠቀለለችውን፣ ከመስተዋቱ ሥር ያስቀመጠችውን ሳሙና ነበር የያዘው።

«ምን አደረግከው!»

«እጄን ልታጠብ ነዋ። ሳሙና አይደል?»

ልትቆጣው አፏን ከፈተች። ያኔ ሽታው ደረሰባት። ለሳምንታት በዚያ ወረቀት ውስጥ ታፍኖ የቆየው የሎሚ ቅጠል ሽታ አንዴ ወጥቶ ጠባቧን መታጠቢያ ቤት ሞላት። እንዲህ ሸትቷት አያውቅም። ባሏ እጁን አረፋ በአረፋ አደረገው። ከዚያ «ነይ» ብሎ የእሷንም እጅ ወደ ውሃው ሳበና፣ ድሮ የተሰነጣጠቁትን ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠበላት። እሷ አንዴ አረፋውን፣ አንዴ የተቀደደውን ወረቀት ታያለች።

«ታዲያ ሰው ይህን እንዴት ይወቅ?» አለች በመጨረሻ።

«ንገሪያቸዋ» አለ ባሏ።

በሚቀጥለው ዙር አታሚው መቀነቱ ላይ ከስሙ ሥር ሌላ መስመር ጨመረ። «አይዟችሁ፣ ቅደዱት» ይላል። አንዳንዱ አሁንም ልቡ አይችልም፤ የሴትየዋ አማትም ከቴሌቪዥኑ አጠገብ እንዳቆመችው ናት። የገዛ ሰው ግን መመለስ ጀመረ፤ ጓሮው ውስጥ አንድ መደርደሪያ ተጨመረ።

እትዬ ጭልጤ በሱቁ በኩል ስታልፍ አልፎ አልፎ ትገባለች። አንድ ቀን አንድ ኮት የለበሱ ሽማግሌ መስኮቱ አጠገብ ቆመው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ጽሑፉን ያነባሉ። አነበቡና ፈገግ አሉ። ግራ ቀኝ አዩ፤ ከዚያ እዚያው በቆሙበት ጠረር አድርገው ቀደዱት። ባለሱቋ ከጠረጴዛዋ ጀርባ፣ «አባቴ! ኧረ መጀመሪያ ሂሳብ!» እያለች ትጮኻለች። እሳቸው ግን ሳሙናውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።