ያልተሞከረ ቁልፍ

በየቀኑ ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ቁልፍ ሠሪው የሱቁን መዝጊያ ያወርድና በዕለቱ የቀረጻቸውን ቁልፎችና አንዲት ትንሽ ሞረድ በኪሱ ይዞ በሰው ደጅ ይዞራል። ደንበኛ አዲስ ቁልፍ ከሱቅ ይዞ እንዲሄድ አይፈቅድም። ራሱ በሩ ድረስ ሄዶ፣ ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ ሦስት ጊዜ ያዞረዋል፤ አንዴ ለመክፈት፣ አንዴ ለመዝጋት፣ አንዴ ለእርግጠኝነት። እንቢ ካለው እዚያው ሞረድ ያሳርፍበታል። ከዚያ በኋላ ነው ከእጁ የሚለቀው። የሰፈሩ ሰው በዚህ የተነሳ «ሞካሪው» ይለዋል። «እሱ ዘንድ ቁልፍ ከማስቀረጽ በሩን መቀየር ይፈጥናል» እያሉ የሚያሾፉበትም አሉ። ያም ሆኖ በሃያ ስድስት ዓመት ሥራው በእሱ ቁልፍ ምክንያት ደጅ ያደረ ሰው የለም። ኩራቱ ይህ ነው፤ ሌላ ብዙም የሚኮራበት ነገር የለውም።

በዓመት አንዴ ሱቁን ለሁለት ሳምንት ይዘጋል። ሚስቱ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ የዓመት ፈቃዷን ከእሱ ጋር ታስማማና ልጃቸውን ይዘው በአሮጌዋ መኪና ከከተማ ይወጣሉ። የሚሄዱት ወደ ረጅሙ የእግር መንገድ ነው። መንገዱ ጫካና ተራራ፣ ወንዝና እርሻ እያቋረጠ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፤ ዛፍና ድንጋይ ላይ የተቀባ ነጭ መስመር ተጓዡን ይመራል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጉዞ የሚጨርሱት ሰዎች አሉ። እነሱ ግን ሥራ ያለው ሰው እንደሚያደርገው በየዓመቱ እየቆረሱ ነው የሚሄዱት። በሰባት ዓመት ሁለት መቶ አስራ ሁለት ኪሎ ሜትር ደርሰዋል። ቆጣሪዋ ልጅቷ ናት። አስራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የሄዱበትን ሁሉ ካርታው ላይ በቀይ እርሳስ ታቀልማለች። አምና አባቷ ጉልበቱን አሞት ሦስት መቶ ሜትር ያህል ትራክተር ላይ ስለተሳፈረ ያቺን ቁራጭ ሳታቀልም ተወቻት። ቢለምናት፣ ቢቆጣት አልተበገረችም። ከዚያ ወዲህ «ዳኛዋ» ተባለች።

መኪናቸው አንድ ስለሆነች ለጉዞው ብልሃት አበጅተውለታል። ጠዋት ሚስትየዋና ልጅቷ አንዱ ጫፍ ላይ ይወርዳሉ። እሱ መኪናዋን በአውራ ጎዳናው አዙሮ ሌላው ጫፍ ላይ ያቆማትና በእግሩ ወደ እነሱ ይመጣል። መሀል ላይ ይገናኛሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ቁልፉን ይሰጣቸዋል። እነሱ መኪናዋ ጋ ሲደርሱ ነድተው እሱ በሚወጣበት ጫፍ ይጠብቁታል። አምና ታዲያ ሲቀባበሉ ቁልፉ ከሚስቱ እጅ አምልጦ ወንዝ ሊገባ ለጥቂት ተረፈ።

«አገር ምድሩ አንተ ጋ ቁልፍ ያስቀርጻል፤ እኛ ያለችን አንዲት!» አለችው።

ስለዚህ ዘንድሮ ሁለተኛ ቀረጸ። የቀረጸው ግን በመነሻቸው ዋዜማ ነበር፤ መኪናዋ ፍሬኗ ሊታይ ጋራዥ አድራለች። «ጠዋት እሞክረዋለሁ» ብሎ ከአሮጌው ጋር አንድ ቀለበት ላይ አስገባው። ጠዋት ሻንጣው፣ ስንቁ፣ የጠፋ ጫማ ፍለጋው ተደራረበና ረሳው። መኪናዋን ያስነሣት እጁ በለመደው በአሮጌው ቁልፍ ነው።

ዘንድሮ እናቱም አብረው ወጥተዋል። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። «እናንተ እግራችሁን ፍጁ፤ እኔ ቁጭ ብዬ አላፊ አግዳሚ አያለሁ» ብለው ነው የመጡት። ስኳር አለባቸው፤ በየማታው አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ራት ሳይቀምሱ፣ የኢንሱሊን መርፌ ይወጋሉ። አምና አንድ ቀን ሳይወጉ አድረው ራሳቸውን ስተዋል፤ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኙ። ያን ሌሊት ልጃቸው አይረሳውም።

በዚያ ጠዋት ሚስቱንና ልጁን በዕለቱ በሚሄዱት ቁራጭ ሰሜናዊ ጫፍ ላይ አውርዶ፣ እናቱን ከደቡባዊው ጫፍ ባለች ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ በረንዳ ላይ አስቀመጣቸው። ማረፊያዋ ማቀዝቀዣ ስለሌላት መድኃኒቱ መኪናው ውስጥ፣ በበረዶ ሳጥኑ እንዳለ ቀረ። ሚስቱ በአስር ሰዓት ትደርሳለች፤ ከመርፌው በፊት የአንድ ሰዓት ትርፍ አለ።

«ቁልፉን ለእኔ ተውልኝና መሀል መንገድ ላይ መቀባበሉ ይቅርባችሁ» አሉት እናቱ።

«እማዬ፣ የቤትሽን ቁልፍ ዘንድሮ ብቻ ስንቴ ቀረጽኩልሽ?»

«አራቴ።»

«አምስቴ።»

«አምስተኛው ተገኝቷል እኮ። ዱቄቱ ውስጥ ነው የነበረ።»

ስቆ፣ ግንባራቸውን ስሞ፣ መኪናዋን ቆልፎ ሄደ። አራት ሰዓት ነበር።

ከእንጨቱ ድልድይ አጠገብ ሲገናኙ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። በስተምዕራብ ደመናው ጠቁሯል።

«አስራ ሁለት ደቂቃ ዘግይተሃል» አለች ሚስቱ፣ ሰዓቷን እያየች።

«አውቶቡስ መሰልኩሽ?»

«አውቶቡስ ብትሆንማ ማን ይሳፈርብህ ነበር!»

ዝናቡ ሳይቀድማቸው ተጣድፈው በሉ። እነሱ ወደ ደቡብ ስምንት ኪሎ ሜትር፣ እሱ ወደ ሰሜን አስራ ሁለት ይቀራቸዋል። የቁልፉን ቀለበት አወጣ።

«ሁለቱንም ልትሰጠኝ ነው? አንዱ አንተው ጋ ይቅር» አለች ሚስቱ።

«የትኛውን ልስጥሽ?»

«አዲሱን!» አለች ዳኛዋ ቀድማ። «ያብረቀርቃል። ቢወድቅ እንኳ ይታያል።»

ነገሩ ልክ መሰለው። አዲሱን ከቀለበቱ አውጥቶ ለሚስቱ ሰጣት፤ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከታ ዚፑን ዘጋችው። «አንተም በሰዓትህ ድረስ» አለችውና ልጅቷን አስቀድማ ድልድዩን ተሻገረች።

አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። ዝናቡ ያዘው። ነጭ መስመር ያለበት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የላላ የጫማ ክሩን ጠበቅ አደረገና፣ ሲነሣ እጁን ኪሱ ከተተ። አውራ ጣቱ እንደ ልማዷ የቁልፉን ጥርስ ዳሰሰች። አዲስ ቁልፍ ጣት ይነክሳል። ይህ አልነከሰም፤ እንደ ሳሙና ልሟል። አሮጌው ነው። ታዲያ አዲሱን መቼ ነው የሞከርኩት? ብሎ ራሱን ጠየቀ። ቆመ።

አልሞከረውም።

ስልኩን አወጣ። ኔትወርክ የለም። ጥቂት ሜትር ወጣ ካለ ጉብታ ላይ ወጥቶ ሞከረ፤ እዚያም የለም። ሰዓቱ ስምንት ሆኗል። ከመኪናዋ አስራ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቋል፤ ወደ ሰሜን ጫፍ የቀረው ስምንት ነው። ቁልፉ ከከፈተ ሚስቱ እናቱን ይዛ ትመጣለች፤ እሱ ወደ ሰሜን መቀጠል ብቻ ነው ያለበት። ካልከፈተ ግን እሱ ሰሜን ላይ የማይመጣ መኪና ሲጠብቅ ይመሻል፤ መድኃኒቱም በተቆለፈ በር ኋላ ያድራል። ቢመለስና ቁልፉ ከፍቶ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ደግሞ እነሱ ሰሜን ላይ እሱን አጥተው ገደል የገባ ይመስላቸዋል።

በቀረጸበት ምሽት የሆነውን ለማስታወስ ሞከረ። ማሽኑ ሦስተኛው ጥርስ ላይ ሲደርስ ስልክ ተደወለ። ሚስቱ ነበረች፤ የባትሪ መብራቱን የት እንዳስቀመጠ ጠየቀችው። ስልኩን ዘግቶ ተመለሰ። ከተመለሰ በኋላ ሦስተኛውን ጥርስ በሞረድ አስተካክሎታል? እጁ አስተካክለሃል ይለዋል። እጅ ግን ምስክር አይሆንም፤ ለዚህ አይደል እንዴ በየደጁ የሚዞረው!

ወደ ኋላ ሲዞር አንድ ትልቅ ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ከታች ብቅ አሉ። ወደ ሰሜን ነው የሚሄዱት።

«ወንድሜ፣ መስመሩ በዚያ በኩል ነው እኮ» አሉት።

«አውቃለሁ አባቴ። እባክዎ ይተባበሩኝ።» የሱቁን ደረሰኝ ከቦርሳው አውጥቶ ጀርባው ላይ ጻፈ፤ «ነድተሽ ከመጣሽ እዚያው ጠብቂኝ። ቁልፉን ሳልሞክረው ስለሰጠሁሽ ተመልሻለሁ።» ወረቀቱን ሰሜን ጫፍ ላይ ለሚስቱ እንዲተዉለት እየሰጣቸው ነገሩን ባጭሩ አስረዳ።

«ቁልፍ ሠሪ ነኝ አላልክም?»

«ነኝ።»

«የራስህን ሥራ አታምንም?»

«የሞከርኩትን አምናለሁ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው ባርኔጣቸው ውስጥ ሸጎጡት። «አይዞህ፤ እኔም የጥርስ ሐኪም ነበርኩ፤ የራሴን ጥርስ ያስነቀልኩት ግን ሌላ ሰው ጋ ሄጄ ነው። ሩጥ በል!»

ሮጠ። ሽቅቡን እየተራመደ፣ ቁልቁሉን እየሮጠ። ጭቃው ጫማውን ይይዘዋል፤ አምና ያመመው ጉልበት በየእርምጃው ይወጋዋል። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ከአስር ነው። በምሳ ሰዓት ድንጋዩ የሚቆጠርበት ወንዝ ደፍርሶ የድልድዩን ሳንቃ እየላሰ ነበር። አንድ ሳንቃ ተነቅሏል። የተሻገሩት ቀደም ብለው ነው፣ አለ በልቡ፣ ውሃው ሳይሞላ ተሻግረዋል። መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ የተነቀለውን ሳንቃ ተራምዶ ዐለፈ። ወዲያ ማዶ ሁለት ዓይነት ዱካ አየ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። የትንሿ ዱካ ሳትደናቀፍ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ትንሽ ልቡ ተመለሰ።

አስር ሰዓት ሲሆን አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ቀርቶት ነበር። ይሄኔ መኪናዋ ጋ ደርሰዋል። ይሄኔ ሚስቱ ቁልፉን አስገብታለች። ጆሮውን አቁሞ አዳመጠ፤ ከዚያ ርቀት ሞተር እንደማይሰማ እያወቀ። ከእንግዳ ማረፊያዋ እስከ ቀጣዩ ከተማ አርባ ኪሎ ሜትር ነው፤ የማረፊያዋ ጠባቂ ጠዋት እንደነገረችው አውቶቡስ የሚያልፈው በማግስቱ ነው። ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ከዳው፤ ሁለተኛው ላይ ወድቆ መዳፉ ተላጠ። አስራ አንድ ሰዓት ዐለፈ። ዕለቱን ሙሉ ሰዓቱን ሲያይ የዋለ ሰው ከዚያ በኋላ ማየቱን ተወ።

ከጫካው ሲወጣ መጀመሪያ ያየው መኪናዋን ነው። ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

ቀረብ ሲል ከኋላ በሩ ሥር መሬቱ ላይ የሚብለጨለጭ ነገር አየ። የመስታወት ስብርባሪ ነው። በሩ ተበርግዷል። የበረዶ ሳጥኑ ክዳን ተከፍቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሰው የለም። በረንዳውም ባዶ ነው፤ የእናቱ ወንበር ላይ ሻርፓቸው ብቻ ተንጠልጥሏል።

«እማዬ!» ብሎ ጮኸ።

«ምን ያስጮህሃል? ራት ላይ ነኝ» አሉ እናቱ ከውስጥ።

በሩን ገፍቶ ገባ። እናቱ ከጠረጴዛው ራስ ሾርባ ይጠጣሉ። ሚስቱ ጭንቅላቷን ይዛ ተቀምጣለች፤ ስታየው ብድግ አለች፤ ልትቆጣው ይሁን ልታቅፈው እሷም የለየላት አይመስልም። አዲሱን ቁልፍ ፊቱ ላይ ዘረጋችለት።

«ገብቶ እንቢ አለ። ሃያ ጊዜ አዞርኩት። ከዚያ ድንጋይ አነሣሁና የትኛው መስታወት ይረክሳል ብዬ ሳሰላ...»

«እሷ ስታሰላ እኔ ሰበርኩት» አሉ እናቱ ማንኪያቸውን ሳያስቀምጡ። «ትንሿን፣ የኋላዋን። ሦስት ጊዜ ነው የመታኋት፣ እንደ አንተ፤ አንዴ ለመክፈት፣ አንዴ ለመዝጋት፣ አንዴ ለእርግጠኝነት።»

«መርፌውስ?»

«በሰዓቱ» አለች ዳኛዋ። «እኔ ነኝ ሰዓት የያዝኩት። አሁን ልንመጣልህ ነበር፤ ግን አሮጌው ቁልፍ አንተ ጋ ነው።»

ወንበር ላይ ቁጭ አለ። እናቱ አዩት፤ ሾርባውን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት።

«ጠጣ። ቁልፉን ለእኔ ተውልኝ አላልኩህም? የእኔ ቢጠፋም ሲገኝ ይከፍታል።»

ጠጥቶ ሲጨርስ ወደ ውጭ ወጣ፤ ትንሿን ሞረድ ከኪሱ አውጥቶ የአዲሱን ቁልፍ ሦስተኛ ጥርስ አሻሸው። ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። የሾፌሩ በር ላይ አስገብቶ ሦስት ጊዜ አዞረው። ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። ሚስቱ ደጃፉ ላይ ቆማ ታየዋለች፤ አልሳቀችም፤ ኋላ ግን ሳቀች።

ዳኛዋ ካርታውን መብራት ሥር ዘረጋች። ለራሷና ለእናቷ ሃያውን ኪሎ ሜትር አቀለመች። አባቷ ዘንድ ስትደርስ እርሳሷን አነሣች።

«ከደቡብ አስራ ሁለት ሄደሃል። የተመለስክበት አይቆጠርም። ስምንት ይቀርሃል።»

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሚስቱ የተሰበረውን መስታወት በካርቶን ሸፍና፣ እናቱንና ልጅቷን ጭና እስከ ሰሜን ጫፍ አደረሰችው። የመንገዱ ሰሌዳ ላይ፣ በጃንጥላ ስባሪ ሽቦ ታስሮ፣ ደረሰኙ ይጠብቀው ነበር። ስምንት ኪሎ ሜትር ገብቶ፣ ነጭ መስመር ያለበትን ድንጋይ ነክቶ፣ ስምንት ኪሎ ሜትር ተመለሰ። የመኪናዋ ቁልፎች፣ ሁለቱም፣ እናቱ ጋ ዋሉ።