ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር

ጎረቤቴ ፎልከርት ሃርምስ ከብሬመን ወዲያ ባለው ባሕር ዳራችን አርባ ዓመት የባሕር ግድብ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ውሃ በየት ሾልኮ ሊገባ እንደሚችል ሲያስብ ዕድሜውን ጨረሰ፤ እሱ ጡረታ ሲወጣ ሐሳቡ አብሮት አልወጣም። ጫማ ሲገዛም ሐኪም ሲመርጥም እንደ ግድብ ዙሪያውን ሳይፈትሽ አይሆንለትም። ደግ ሰው ነው፣ አልዋሽም። ግን ጨጓራ ይልጣል።

ባለፈው ኖቬምበር የሽርሽር መኪና ገዛ፤ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው፣ ዕድሜው የገፋ ነጭ መኪና። የተገዛው ግን ለሽርሽር አልነበረም። ሚስቱ ዊብከ ወገቧን ከታመመች ወዲህ ከግማሽ ሰዓት በላይ መቀመጥ አትችልም፤ ወይ ትቆማለች ወይ ትተኛለች። ብቸኛ ወንድሟ ኦኖ ደግሞ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ዴንማርክ ውስጥ ልቡ ደክሞ ተኝቷል። በየግማሽ ሰዓቱ እየቆሙ፣ እሷም አልጋው ላይ ጋደም እያለች ሊሄዱ ነው የታሰበው። ኦኖ በስልክ "ጠቦቶቹ ግድቡ ላይ ሲወጡ ነይ" ብሏት ነበር። እኛ ዘንድ ጠቦቶቹ ለግጦሽ ግድቡ ላይ የሚወጡት ማርች ላይ ነው።

እንግዲህ የቀረው ኢንሹራንስ መምረጥ ብቻ ነበር። ብቻ!

ክረምቱን ሙሉ ሻይ ልጠጣ ስሄድ የማገኘው ስልኩን የኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት ያጨቀበትን አረንጓዴ ፋይሉን ከፍቶ ነው። አንዱ ድርጅት ሩብ ሰዓት ሙዚቃ ካሰማን በኋላ አንዲት ልጅ መስመሩ ላይ ትመጣለች።

"የሚኖሩበት ቤት ነው ወይስ የሚነዱት መኪና?"

"ሁለቱም ነው" ይላል ፎልከርት።

"'ሁለቱም' የሚል ምርጫ የለኝም።"

ሁለተኛው ድርጅት ከሃያ ዓመት በላይ የሆነ መኪና አልቀበልም አለ። ሦስተኛው የጋዝ ምርመራ ወረቀት፣ የጣሪያውን ፎቶ፣ የቁልፉን ፎቶ ጠየቀ፤ ሁሉም ሲላክለት "ፎቶው ደብዝዟል" ብሎ መለሰ። ቆሽቴ አረረ። ፎልከርት ግን ከነሱም ይብስ ነበር። የሚቀበለው ድርጅት ሲገኝ ደግሞ እሱ ሰበብ ያወጣል።

"ቆሞ ሳለ የዛፍ ቅርንጫፍ ቢወድቅበትስ? ዛፉ የጎረቤት ቢሆንስ?"

"የኔን ዛፍ ነው የምትለው? ምን አደረገህ የኔ ዛፍ?" አልኩት።

"ለነገሩ ነው፣ ጌሼ።"

ዊብከ ቆማ፣ ጀርባዋን ምድጃው ላይ አስደግፋ ትሰማዋለች። አንድም ቀን አልጮኸችበትም። እኔ ብሆን ፋይሉን ምድጃው ውስጥ እከተው ነበር።

ፌብሯሪ ላይ የመንደራችን የኢንሹራንስ ወኪል ሃቦ መጣ፤ ከፎልከርት ጋር አብሮ አደግ ናቸው። እኛ ዘንድ ሻይ ሦስት ስኒ ነው። ከሦስት በታች ጠጥቶ መነሳት ቀጂውን ማስቀየም ነው፤ ሦስቱን የጠጣ ሰው በቃኝ ሲል ማንኪያውን ስኒው ውስጥ ያቆማል። ሃቦ ሁለት ስኒ ሙሉ የፎልከርትን ጥያቄ ሲመልስ ቆይቶ በሦስተኛው ታከተው።

"ስማ አንተ ሰው፣ ገላግለን። የወቅት ታርጋ ውሰድ። የምትነዳባቸውን ወራት ትመርጣለህ፣ የምትከፍለውም ለነሱ ነው። በቀሩት ወራት ግቢህ ውስጥ ይቆማል። ጎማው መንገድ እንዳይነካ ብቻ።"

የፎልከርት ፊት በራ። "ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር!"

"ከማርች" አለች ዊብከ።

"ማርች ላይ ነፋሱን አታውቂውም እንዴ? ጣሪያውን ገንጥሎ ቢወስደውስ? ኦኖ እንደሆነ የትም አይሄድ።"

"ሴትየዋ የምትልህን ስማ እንጂ!" አልኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ፈረመ። ሃቦም ማንኪያውን ስኒው ውስጥ አቁሞ ሄደ።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ማርች ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከዴንማርክ ተደወለ። ኦኖ ብሶበታል፤ እህቱን እየጠራ ነው። የሽርሽር መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ አልጋው ተነጥፏል፣ ነዳጁ ሞልቷል፣ ታርጋው ላይ ኤፕሪልና ኦክቶበር ለማለት አራትና አስር የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ፎልከርት ሃቦ ጋ ደወለ።

"እስከ ሰኞ ቆርቆሮ ነው" አለ ሃቦ።

"አራት ቀን እኮ ነው!"

"አራት ቀን ነው፣ አውቃለሁ። ከወጣህ ግን ያለ ኢንሹራንስ ነው፣ ወንጀልም ነው።"

"ወሩን ቀይርልኛ!"

"እኔማ አሁኑኑ እቀይርልሃለሁ። ታርጋ ቢሮው ነው የተዘጋው፤ በፋሲካ ምክንያት እስከ ማክሰኞ ሰው የለም።"

እንዲህ ያለ መኪና ለመከራየት በየቦታው ደወልን፤ ለበዓሉ ሁሉም ወጥቷል። የኔ መኪና ደግሞ ወንበሯ እንኳ አይዘረጋም። ፎልከርት ፋይሉን ያገላብጣል፤ እዚያ ውስጥ የተጻፈ መላ ያለ ይመስል። ዊብከ ትንሽ ቦርሳ ይዛ መጣች።

"ጌሼ፣ የዛሬው ባቡር አምልጦናል፤ የነገ የመጀመሪያው ስንት ሰዓት ነው?"

"እንዴት አድርገሽ ትቀመጪያለሽ?" አላት ፎልከርት።

"አልቀመጥም።"

በስቅለት ዕለት አብሬያት ሄድኩ። እሱ መኪናውን ለሰኞ ላዘጋጅ ብሎ ቀረ። ብሬመን ላይ ባቡር ቀየርን፣ ሃምቡርግ ላይ ቀየርን፣ በበዓል ባቡሩ ስለሚቀንስ በየጣቢያው ቆምን። ዊብከ መንገዱን ሙሉ በር አጠገብ፣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ቆመች። ትኬት ተቆጣጣሪው "ባዶ ወንበር ሞልቷል እኮ፣ ወይዘሮ" ሲላት የሷን መልስ ሳልጠብቅ ጮኽኩበት። ምስኪኑ ምንም አላጠፋም።

ስንደርስ መሽቶ ነበር። ኦኖ ቀትር ላይ አርፏል። ሐሙስ ማታ በመኪናው ብንነሳ ኖሮ ሲነጋ አጠገቡ ነበርን። ይህን ሳስብ ዛሬም እናደዳለሁ፤ በፎልከርት፣ በሃቦ፣ ፊርማውን ቆሜ ባየሁት በራሴም።

ሰኞ ፎልከርት መጣ። ኢንሹራንሱ ሙሉ፣ ጎማው የተነፋ፣ አረንጓዴው ፋይል አጠገቡ ወንበር ላይ። ከቀብሩ በኋላ በየግማሽ ሰዓቱ እየቆመ ወደ ቤት አመጣን። ዊብከ አልጋው ላይ ትተኛለች፣ ትነሳለች። ግድቡ ጋ ስንደርስ ጠቦቶቹን አየናቸው፤ አድገዋል።

ቤት ስንገባ ሻዩን ያፈላው እሱ ነው። ጓል ስኳሩን ጨመረላት፣ ሻዩን ቀዳላት፣ ክሬሙን እንደምትወደው በጠርዙ አፈሰሰላት። ቆማ ጠጣች። ሁለተኛውን ሊቀዳ ማንቆርቆሪያውን ሲያነሳ ማንኪያዋን ስኒው ውስጥ አቆመች። አርባ አንድ ዓመት በትዳር ሲኖሩ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

"ሁለት ይቀርሻል እኮ፣ ዊብከ" አላት በቀስታ።

"ወቅቱ አይደለም" አለችው።

ፎልከርት ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እኔም ሁለተኛዬን ሳልጠጣ ተነሳሁ።