ኡቡድ ላይ ያለቀስኩት ለቅሶ

ወደ ኡቡድ ልንሄድ ያሰብነው ሁለታችን ነበርን፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ። ቀን ቀን እሱ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ይውል ነበር፤ ሲመሽ ኖርዝ ሆሊውድ ባለው አፓርትመንቱ በረንዳ ላይ እንጨት ይቀርጽ ነበር። ባሊ ደሴት ላይ ቀራጩ፣ ሠዓሊውና ጨፋሪው የማያልቅበት ከተማ እንዳለ የነገረኝ እሱ ነው። "አብረን እናየዋለን" ብሎ ቲኬት ቆረጠልን። መሄጃችን ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት ሥራ ሊገባ ሲል ወደቀ። ልቡ ነው አሉን ሐኪሞቹ፤ አልተረፈም።

እዚያው ከተማችን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሱቅ ያላቸው፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ፣ እትዬ የምላቸው ሴትዮ ጉዞውን አለመተዌን ሲሰሙ ደነገጡ።

"ሐዘንሽ ሳይወጣ ሽርሽር? ሰው ምን ይላል ልጄ? ካንስል አድርጊው እንጂ!"

"ሽርሽር አይደለም እትዬ። እሱ ያላየውን ልይለት ብዬ ነው።"

"እንግዲያው አምላክ ይከተልሽ" አሉኝ።

ኡቡድ የተከራየሁት አንድ ቀራጭ ከነቤተሰቡ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የመሮና የመዶሻ ድምፅ ነው። ወንድሜ ቢኖር ከሰውየው አጠገብ ተቀምጦ የሚውል ነበር። እኔ ግን መቅረብ አቃተኝ፤ ከክፍሌ ሆኜ ዝናቡን አያለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ሽማግሌ ሬሳ እንደ አገሩ ደንብ ወደሚቃጠልበት ቦታ ሊሸኝ ወጣ። በወረቀትና በወርቃማ ቀለም ያጌጠ ረጅም ቃሬዛ በብዙ ትከሻ ተሸክመው፣ የነሐስ ደወልና ከበሮ እየመቱ በደጃችን አለፉ። የሚያለቅስ የለም። የሟቹ ሚስት እንኳን ቀና ብላ ትሄዳለች። ደረት ሲደቃ፣ ሙሾ ሲወርድ እያየሁ ላደግኩት ለእኔ ነገሩ አናደደኝ። ሰው አይደለም እንዴ የሞተው? ሳላስበው "ወንድሜን!" ብዬ ጮህኩ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

የቀራጩ ሚስት ክንዴን ይዛ ወደ ግቢ አስገባችኝና ከማድ ቤቱ ጀርባ አስቀመጠችኝ።

"እኛ ሟች ፊት አናለቅስም" አለችኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። "እንባ መንገዱን ያከብድበታል እንላለን። እዚህ ግን አልቅሺ። ልጄ የሞተ ጊዜ እኔም እዚሁ ነው ያለቀስኩት።"

አለቀስኩ። እሷም እጄን ሳትለቅ አብራኝ አለቀሰች። ሲወጣልን ውኃ አምጥታ ፊቴን አጠበችኝና የወንድሜን ስም ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ምላሷ እምቢ አላት። ደግማ ሞከረች፣ እንደገና ሞከረች፣ በመጨረሻ አስተካክላ ጠራችው። ከሞተ ወዲህ ስሙ ያለዋይታ ሲጠራ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በርጩማ ይዤ ወጣሁና ባሏ ከሚቀርጽበት አጠገብ ተቀመጥኩ።