ቡፌ ውስጥ የታፈነው አምፕሊፋየር

ዛሬ ጠዋት አቧራ ልጠርግ ብዬ ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን ሪሲቨር ብድግ ሳደርገው ሆዱ እንደ ትኩሳተኛ ግንባር ይፋጃል፤ ከቀዳዳውም አንዲት በረሮ ጢሞቿን አስቀድማ ወጣችና፣ ቤቷ ድረስ ሳልጠራ የመጣሁባት ይመስል፣ ቆም ብላ አየችኝ። የጋለ ፕላስቲክ፣ የተጠበሰ አቧራና የበረሮ ጠረን ተደባልቆ ጉሮሮዬ ድረስ ገባ። ያፈላሁትን ሻይ ደፋሁት። ቁርስ የሚባል ነገርም አላማረኝም።

ያደግሁት ዲላ ነው፤ ዝናቡ አንዴ ከያዘ ቶሎ በማይለቅበት፣ አልጋ ሥር የተረሳ ጫማ ሻግቶ አረንጓዴ ጸጉር በሚያበቅልበት ከተማ። አባቴ የምግብ ቤቶች ንጽህና ተቆጣጣሪ ነበር። ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ከከተማው እስከ ወናጎና ከዚያም ወዲያ ባሉት ሆቴሎች ሁሉ ጓዳ እየገባ ድስት ይገልጣል፣ መደርደሪያ ይጎትታል፤ በረሮ ካየ ልመና አይሰማም፣ ያሽጋል። ቤት ሲመለስ ደግሞ ያየውን ሁሉ ራት ላይ ይተርክልናል፤ እኛም ጉርሻችንን እንደያዝን እንቀራለን።

የዚህ ሰው አንድ ፍቅር፣ ወደ አገሩ ይመለስ ከነበረ ፈረንጅ የገዛው ባለ አምፖል አምፕሊፋየር ነበር። እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ ብረት ነው፤ ሲለኮስ በጀርባው ላይ የተደረደሩት አምፖሎች ቀስ እያሉ እንደ ፍም ይቀላሉ፣ ከዚያም ዘፈኑ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚወጣ ሁሉ እየሞቀ ይመጣል። አባቴ እንደሚለው አምፖሎቹ እሳት ናቸው፤ ከላይም ከጎንም አየር ካላገኙ ራሳቸውንም ቤቱንም ያቃጥላሉ። እናቴ ግን ሳሎኗ ውስጥ ራቁቱን የቆመ ብረት ማየት ያስጠላት ነበርና፣ ባለ መስታወቱ ቡፌ ውስጥ ከስኒዎቹ ጎን አስቀምጣ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው። እሱ ዳንቴሉን አንስቶ በሩን ይከፍታል፤ እሷ ታለብሳለች፣ ትዘጋለች።

«ይተንፍስ እንጂ ሴትዮ!»

«ምኑን ይተንፍስ? የመንገዱን አቧራ?»

በዝናቡ ወራት ከቤታችን ሁሉ ደረቅና ሞቃት ቦታ ያ ቡፌ ነበር። ይህን ከእኛ ቀድመው ያወቁ ፍጥረታት ነበሩ። በመደርደሪያው ጥግ የሚከማቸውን ጥቁር ፍርፋሪ እናቴ የቡና ዱቄት ነው እያለች በመዳፏ ስትጠርግ አይቻለሁ፤ አሁን ሳስበው መዳፌን ያሳክከኛል።

ታላቅ እህቴን አልማዝን ሊያገባ ሽማግሌ የላከው ልጅ፣ የወናጎው ባለ ሆቴል የአቶ በራሶ የእህት ልጅ ነበር። አባቴ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የአቶ በራሶን ጓዳ በበረሮ ምክንያት አሽጎት ነበርና፣ ጥያቄው እንደመጣ «ልጄን ለበረሮ አርቢ ዘመድ?» ብሎ ተቆጣ። አልማዝ ስታለቅስ ሰነበተች። ሽማግሌዎቹ መልስ ሊሰሙ በሚመለሱበት ቀን አባቴ ምን እንደሚል እናቴ እንኳ አታውቅም ነበር።

እናቴ ሳሎኑን እንደ ሙሽራ አስጌጠችው። አምፕሊፋየሩን ራሷ ከፈተችው፣ አዲስ ዳንቴል አለበሰችው፣ የቡፌውን በር ቆለፈችና በላዩ ላይ ለምርቃቱ የተዘጋጀውን ክትፎ በትልቅ ሳህን አስቀመጠች። አባቴ ሲገባ አየና ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ተቀምጠው ነበር፣ በእንግዳ ፊት ሚስቱን መናገር አልሆነለትም። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከእነሱ አንዱ የሆኑት አቶ በራሶ ከቡፌው ጎን፣ ገና ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው አበባ እየተጨዋወቱ ሳለ አንድ ጠረን ተነሳ። በመጀመሪያ እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ነበር። ቀጥሎ የበሰለ ሥጋ መሰለ፤ ግን የሚበላ ሥጋ አይደለም።

ከዚያ ወጡ። በመስታወቱ ስንጥቅ፣ በቡፌው ጀርባ፣ በማጠፊያው በኩል፣ ትልቁም ትንሹም፣ ከሚያነደው ሙቀት የሚሸሹ በረሮዎች እንደ ፈሰሰ ኑግ ግድግዳውን አጠቆሩት። አንዳንዶቹ ክንፍ አውጥተው በረሩ። አንዱ የክትፎው ቅቤ ላይ ወድቆ እግሮቹን ያወራጭ ጀመር፤ ሌላው በአቶ በራሶ ጋቢ ላይ ተረጋግቶ እስከ ትከሻቸው ወጣ። ከመጋረጃው ጀርባ የአልማዝ ሲቃ ይሰማኝ ነበር።

አቶ በራሶ ትከሻቸው ላይ ያለውን በጣታቸው እንደ አቧራ ገፋ አደረጉትና፣ በዚያ በሚጎተት የጌዴኦ አነጋገራቸው ጠየቁ።

«አቶ ታደሰ፣ እነዚህስ ፈቃድ አላቸው ወይ?»

አባቴ ተነሳ። ሶኬቱን ነቀለና ቡፌውን ሲከፍተው ጭስ ፊቱን መታው፤ ዳንቴሉ ጠቁሯል፣ ከሥሩም ጎጆዋን የሠራች አይጥ ከነልጆቿ ደርቃ ተጣብቃለች። እኔ እዚያው ደጃፉ ላይ አስመለሰኝ። አባቴ ጀርባውን እንደሰጠን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ዞር ሲል ግን እየሳቀ ነው፣ እንባውም ይወርዳል።

«አቶ በራሶ፣ ጓዳዎን ነገም ቢሆን በረሮ ካየሁበት አሽጋለሁ» አለ። «ልጄን ግን ሰጥቻችኋለሁ።»

ክትፎው ለውሻ ተጣለ፤ ውሻውም አሽትቶ ተወው። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ክትፎ ቀምሼ አላውቅም። እናቴ ቡፌውን በፈላ ውሃና በነጭ ጋዝ እያጠበች፣ በየመሃሉ ትፍ እያለች ሰነበተች። አምፕሊፋየሩ መስኮቱ አጠገብ፣ በላዩ ምንም ሳይደረብበት፣ ራቁቱን ቆመ። አቶ በራሶ ለገበያ ዲላ በመጡ ቁጥር ጎራ እያሉ ከአባቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር፤ እናቴ ግን በዚያ በኩል ስታልፍ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ታደርጋለች።

አባቴ ሲሞት ያንን ብረት አስቀድማ የምታስወጣው እሷ መስላኝ ነበር። ከሥራ ቦታዬ ልጠይቃት ስመጣ ግን ያለ ዘፈን ከፍታው፣ አምፖሎቹ ቀልተው፣ መዳፎቿን በላያቸው ዘርግታ አገኘኋት። ክፍሉ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል።

«እማዬ፣ ምንም አይዘፍንም እኮ።»

«እሱ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው» አለችኝ፣ «ይሙቅ ብዬ ነው።»

አምፖሎቹ አንድ በአንድ ተቃጠሉ፤ ምትክ አዲስ አበባም ተፈልጎ ጠፋ። ከዚያ በኋላ እናቴ በጥር፣ ዲላ በፀሐይ በምትነድበት ወር እንኳ፣ ያ ሳሎን ይበርደኛል እያለች በጋቢ ተጠቅልላ ነበር የምትቀመጠው። እስክትሞት ድረስ አልሞቃትም።