ድሬዳዋ ጠረጴዛዬ ሥር

ድሬዳዋ የምትገኘው ጠረጴዛዬ ሥር ነበር። ለገሐር በሩ አጠገብ፣ አዋሽ አልጋዬ ግርጌ፣ ድሬዳዋ ደግሞ መስኮቱ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ሥር። መንገዱ ሁሉ ተደምሮ ሰባት እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያ ሰባት እርምጃ ላይ ግን ሁለት ዓመት እሁዴን አሳልፌበታለሁ፣ ሁለት ሰውም አስቀይሜበታለሁ።

ጉለሌ የመጣሁት ከወለጋ ነው፣ ለሥራ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሕንፃ ንድፍ እሥል ነበር፤ ከዊንጌት ብዙ ሳይርቅ አንዲት የቀበሌ ክፍል ተመርታልኝ ብቻዬን እኖራለሁ። ሰው የማገኘው እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት ነበር። አንድ እሁድ ስንሄድ በሩ ታሽጎ ጠበቀን። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ በየቤቱ በድብቅ እየተሰበሰቡ ይጸልያሉ ሲባል ሰማሁ፤ እኔን ግን የጠራኝ የለም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ብትጠራ ትሄድ ነበር ወይ ብትሉኝ አላውቅም፤ ፈሪ ነኝ። ያናደደኝ አለመጠራቴ ነው። እና እሁድ ከሰዓት በኋላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እንጦጦን አያለሁ። ያው ባሕር ዛፍ ነው፤ ስንት ሰዓት ይታያል?

አንድ ቀን ክብሪት ልገዛ ሱቅ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ ከሰርዲን ቆርቆሮ የተሠራች ፉርጎ ተቀምጣለች፤ ጎማዎቿ ቆርኪ ናቸው። ባለ ሱቁ ድሬዳዋ ሐዲድ ዳር ያደገ፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ሙስሊም ነው፤ እናቱ አሁንም እዚያው ናቸው። ገበያ ሲቀዘቅዝበት ልጅ ሆኖ የሚሠራውን ይሠራል። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ፉርጎዋ ላይ አጎንብሰው ይቆጣሉ።

የባቡር ጎማ ከንፈሩ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይሆንም፣ ይቺ ሐዲድ ላይ ብትወጣ አንድ ክንድ አትሄድም፣ ይሉታል። እሱም ጋሼ፣ እሷም እኮ የምትሄደው እስከ ስኳሩ ጆንያ ነው፣ ይላቸዋል። እኔ ምን አገባኝ? ግን ስፋቷም ከርዝመቷ ጋር አልተመጣጠነም ብዬ ጣልቃ ገባሁ። ሁለቱም ዞር ብለው አዩኝ፤ ሽማግሌው እንግዲያስ አንተ ለካልን አሉኝ። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ሐዲዱን እሁድ እሁድ እኔ ክፍል ወለል ላይ ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ሠራነው፤ አግዳሚውን ከክብሪት እንጨት። ባቡሩን የሚጎትተው ከሞተ የጠረጴዛ ሰዓት የወጣ ሞላ ነበር። ሞላው አንዴ ቢጠመዘዝ ከአንዱ ጣቢያ እስከሚቀጥለው ብቻ ያደርሳል፤ ስለዚህ በየጣቢያው የሚጠመዝዝ ሰው ያስፈልጋል። ሽማግሌው የለገሐር ሹም ሆኑ፣ እኔ የአዋሽ፣ ባለ ሱቁ የድሬዳዋ። ጅቡቲስ ብለን ስንጠይቃቸው ውጭ አገር ነው፣ መውጫ ቪዛ ማን ይሰጣችኋል አሉን።

ሽማግሌው አንድ የማይሻር ደንብ ነበራቸው። መስመሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ተቀባዩ ጣቢያ ነፃ ነው ሳይል ባቡር አይነሳም። ፈቃዱ የሚጠየቀው ደግሞ በስልክ ነው። ስልካችን በሲባጎ የተያያዙ የሳልሳ ጣሳዎች ናቸው። ሲባጎው ሲወጠር ድምፅ ያስተላልፋል፤ ሲላላ ምንም። ባለ ሱቁ ሦስት እርምጃ ርቆኝ ተቀምጦ፣ ትንፋሹ እየተሰማኝ፣ ጣሳ ወጥሬ «ድሬዳዋ፣ መስመሩ ነፃ ነው?» እለዋለሁ። እሱም በጣሳው «ነፃ ነው፣ ልቀቅ» ይላል። በባዶ አፍ ብትናገር ሽማግሌው አልሰማሁም ይላሉ።

መቼም ሰው ሲገናኝ መቀላለድ አለ። ባለ ሱቁ ጣሳውን አንስቶ ከለገሐር የተነሳው ባቡር ስለዘገየ ተሳፋሪው ምሳውን ጨርሶ ራቱን ጀምሯል እያለ ያመለክታል። ሽማግሌው ተሳፋሪህ ማን ነው ሲሉት የጎረቤት ድመት ናት ይላል፤ እውነትም ድሬዳዋ ላይ ተኝታለች። እኔን የአዋሹ ሹም ሙቀቱ ጭንቅላቱን ነክቶታል፣ ለዚህ ነው የማይስቀው ይሉኛል። እስቅ ነበር። በውስጤ ነበር የምስቀው።

አንድ እሁድ አብዮት ጠባቂ ልቀቅ ልቀቅ ስንባባል ሰምቶ ጠመንጃውን እንዳንጠለጠለ በሩን ገፍቶ ገባ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ወለል ላይ ተንበርክከን አገኘን። ምን ታደርጋላችሁ ቢል ሽማግሌው ቀና ሳይሉ መጀመሪያ ከሐዲዱ ላይ ውረድ አሉት። ሰውዬው ዘሎ ወረደ። አይቶ አይቶ፣ ለስብሰባ እንዳትዘገዩ ብሎን ወጣ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሶማሊያ ገባች ተባለ፣ ድሬዳዋ ተከበበች ተባለ፣ ከአዋሽ በታች ባቡር አይሄድም ተባለ። በሚቀጥለው እሁድ ሽማግሌው ባቡሩን ከለገሐር ወደ አዋሽ ላኩልኝና መልሰህ ወደ እኔ ላከው አሉኝ።

«ድሬዳዋስ?» አልኳቸው።

«ትልቁ ባቡር ያልሄደበት ትንሹ አይሄድም።»

 ለባለ ሱቁ ከእናቱ ደብዳቤ አልመጣለትም፣ ሰውም አልመጣለትም። እሁድ እሁድ ግን አልቀረም፤ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ጣሳውን ይዞ ይቀመጣል፣ እኔና ሽማግሌው ስንላላክ ያያል። አልፎ አልፎ ጣሳዬን አንስቼ ድሬዳዋ፣ ምን አዲስ ነገር አለ እለዋለሁ። ምንም የለም ይለኛል። ቀልዱ ቀነሰ። እኔም ፈራሁ። የፈራሁት ለእናቱ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ የፈራሁት ግን እሱ መምጣቱን እንዳይተው ነበር። እሱ ከቀረ ሽማግሌው ይቀራሉ፣ እኔ ወደ ባሕር ዛፌ ልመለስ ነው።

አንድ እሁድ የማርያም ዕለት ሆነና ሽማግሌው እንጦጦ ወጥተው ዘገዩ። ሁለታችን ተፋጠን ተቀመጥን።  በመጨረሻ አላስችል አለኝና ባቡሩን ጠምዝዤ ጣሳውን አነሳሁ።

«ድሬዳዋ፣ መስመሩ ነፃ ነው?»

ጠረጴዛው ሥር ሆኖ ረጅም ጊዜ አየኝ። ሲባጎው ላልቶ ነበር፤ ቀስ ብሎ ወጠረው።

«ነፃ ነው» አለ። ልቀቅ ግን አላለም።

ለቀቅሁት። ባቡሩ እየተንቀጫቀጨ ሄዶ ጉልበቱ አጠገብ ቆመ። ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ፉርጎዋን አነሳና ውስጧን አየ። ባዶ ናት፤ ምን ይኖርባታል? መልሶ ሐዲዱ ላይ አስቀመጣትና «እናቴ ጋ ሳይደርስ እንዴት መጣ?» አለኝ።  

ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመዋል። መቼ እንደደረሱ አላየሁም። ማን ፈቀደ ብለው ጠየቁ። በዚያች ሰዓት ይቅርታ ብል ያልፍ ነበር። የእኔ ምላስ ግን ያው የእኔ ምላስ ነው።

«ጨዋታ እኮ ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

«ጨዋታ ከሆነማ» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ባለ ሱቁም ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ጉልበቱን አራግፎ ተከተላቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን የምለቅምበት እንኳ አልነበረኝም።

በሚቀጥለው እሁድ ማንም አልመጣም። በሚቀጥለውም። ሱቅ ስሄድ ባለ ሱቁ ክብሪቱን ይሰጠኛል፣ መልሴን ይሰጠኛል፣ ሰላምታም አይነፍገኝም። ሌላ ነገር ግን የለም። ሽማግሌውን መንገድ ላይ ሳያቸው ባርኔጣዬን አነሳለሁ፣ እሳቸውም ያነሳሉ፣ እንተላለፋለን። አንድ ጊዜ ብቻዬን ላጫውተው ሞከርኩ። ከለገሐር እልከዋለሁ፣ ሮጬ አዋሽ እቀበለዋለሁ። ስልኩ ግን እምቢ አለ፤ ሲባጎን አንድ ሰው ብቻውን አይወጥረውም። መሬት ላይ ተጋድሞ ሳየው አለቀስኩ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፣ ለጣሳ አለቀስኩ።

ወራት አለፉ። አንድ እሁድ በሬ ተንኳኳ። ሽማግሌው ናቸው፤ የድሮውን የምድር ባቡር ኮፍያቸውን አድርገዋል። ትልቁ ባቡር ድሬዳዋ መግባቱን ለገሐር ወርደው በጆሯቸው ሰምተው መጥተዋል። ሁለታችንም ወደ ሱቁ ገሰገስን። ከባንኮኒው ኋላ የቆመው የባለ ሱቁ ሚስት ወንድም ነው። ባለ ሱቁ ራሱ በመጀመሪያው ባቡር ሄዷል፤ ብመለስም ባልመለስም ሱቁን ያዝልኝ ብሎታል።

ወደ ክፍሌ ተመለስን። ሽማግሌው በሩ አጠገብ እንደ ወትሮው ተቀመጡ፤ ባቡሩን ላኩልኝ፣ አዋሽ ተቀበልኩ። ሞላውን ጠመዘዝኩና ጣሳውን አንስቼ ድሬዳዋን ጠየቅሁ። ከጠረጴዛው ሥር መልስ የሰጠኝ የለም። ሽማግሌው ምን እንደማደርግ ያዩኛል። ባቡሩን በእጄ ያዝኩት።

«አልመለሰም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያስ ጠብቅ።»

«ያን ቀን ጨዋታ ነው ያልኩት ተሳስቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ጣሳህን አታስቀምጥ።»

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ እየመጡ አብረን እንጠይቃለን፣ አብረን እንጠብቃለን። ስለ ድመቷ ያወራሉ፤ ድሬዳዋ ላይ ሹም ሆና ተሹማለች፣ ደመወዟ ግን አልተወሰነም ይላሉ። በዚህ ጊዜ በድምፅ እስቅላቸዋለሁ።

የባለ ሱቁ ደብዳቤ የመጣው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። እናቱ በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ግን ደክሟል፣ ትቷቸው አይመጣም። ሚስቱንና ልጆቹን ወደዚያው ሊወስድ ነው። ለሁለታችንም ሰላምታ ካቀረበ በኋላ ከታች ለብቻው እንዲህ ጽፏል፦ «ለአዋሽ ጣቢያ። መስመሩ ነፃ ነው። ልቀቅ።»

ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ለቀቅሁት። ባቡሩ ጠረጴዛው ሥር ገባ፣ ሞላው አለቀና ቆመ። ልመልሰው ጎንበስ ስል ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ። የድሬዳዋው ሹም ሳይጠይቅ? አሉኝ። ልክ ነበሩ። ስለዚህ እዚያው ተውነው።

ከዚያ በኋላም ጉልበታቸው እምቢ እስኪላቸው ድረስ እሁድ እሁድ መጡ። አሁን እሳቸውም የሉም። ራት የምበላው በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዳንዴ የእግሬ ጣት ባቡሩን ይነካዋል፤ ይቅርታ ብዬ እግሬን እሰበስባለሁ።