ኮንቴይነር የከፈትኩ ጊዜ

እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ኮንቴይነር ከፈተች» ብላ አወራችልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስልክ ላይ «ኮንቴይነሮቹን ከፍቻቸዋለሁ» ስል ሰምታኛለች። ጎረቤቶች «እንኳን ደስ አለሽ፤ ምን ልትሸጪ ነው?» ሲሉኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። የእኔ ኮንቴይነር ከጅቡቲ የሚመጣው ብረት አይደለማ! አንድን ፕሮግራም ከነሚያስፈልገው ነገር ሁሉ አሽጎ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ የሚያስነሳ ነው። «ታዲያ ባዶ ነው በይኛ» አለች እናቴ፣ ቅር ብሏት።

ቅር ቢላት አልፈርድባትም። ከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የነበረኝን የቢሮ ሥራ ትቼ ቤት የተቀመጥኩት ለዚሁ ነው። መጋላ ገበያ ውስጥ ልብስ ለምትሸጥ ሴትዮ የማዘዣ ድረ ገጽ ሠርቼላት ነበር። በዒድ አልፈጥር ዋዜማ ፎቶ ሊያይ የገባው ሰው ሲበዛ፣ ማዘዣውም ክፍያውም አብሮ ድርግም! ሁሉንም በአንድ ፕሮግራም አስሬው ነበርና። እናቴ የድሮ አለቃዬን ለምና ቦታዬን አስጠበቀችልኝ። «ድረ ገጽሽ ለአረፋም ከወደቀ ትመለሻለሽ፤ አለቀ!» አለችኝ። እሺ አልኩ፤ ምን ምርጫ አለኝ?

ከዚያ በኋላማ መማር ነው! ፎቶውን ለብቻ፣ ትእዛዙን ለብቻ፣ ክፍያውን ለብቻ ቆራርጬ እያንዳንዱን በየራሱ ኮንቴይነር ከተትኩት። ተመልካች ሲበዛ የፎቶው ክፍል ብቻ ራሱን እንዲያባዛ፣ የወደቀ ክፍልም ራሱ እንዲነሣ አደረግኩ። አንዴ ለሙከራ የክፍያውን ክፍል ሆን ብዬ ገደልኩት። ዓይኔን ሳልነቅል ስጠብቅ፣ ማንም ሳይነካው ራሱ ተነሣ! «ተነሣ! ወላሂ ተነሣ!» እያልኩ በዚያ ጠራራ ፀሐይ ግቢው ውስጥ ዘለልኩ። እናቴ «ማነው የሞተው?» ብላ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች።

የአረፋ ዋዜማ ደረሰ። ስክሪኑ ላይ ተተከልኩ። ሰው ጎረፈ፤ የፎቶው ኮንቴይነሮች ተባዙ፣ እንደገና ተባዙ፤ ማዘዣው ንቅንቅ አላለም። ደስታ ሊያሳብደኝ! ከሰዓት በኋላ ባለሱቋ ደወለች።

«አቦ አንቺ ልጅ፣ አቁሚው!» ብላ ጮኸችብኝ።

ስክሪኑን ደግሜ አየሁት። «ወደቀ እንዴ?»

«ምን ይወድቃል! ልብሱ አለቀብኝ እኮ! ዝጊልኝ፤ ሰውን ምን ልበለው?»

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌው ስለነበር እናቴ ሁሉንም ሰምታለች። የራሷን ስልክ አንሥታ የድሮ አለቃዬ ጋ ደወለች።

«ያን ቦታ ለሌላ ሰው ስጠው» አለችው፤ «ልጄ ሥራ ላይ ናት።»