ልጄ እናቷን ከጀርባዋ ሳለቻት

ትናንት ልጄን ገንዳ ውሃ ከተማ፣ መኪና ድረስ ሸኝቼ ብቻዬን ተመለስኩ። ቤት ስገባ ሚስቴ ጥሩወርቅ ጀርባዋን ሰጥታ ጠበቀችኝ... ጥሩወርቅ ከሞተች ዓመት አልፏታል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ልጄ አዲስ አበባ የስዕል ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። እሷን ለመላክ አንዱን በሬዬን ሸጫለሁ። አንዱን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቼ ነው የማርሰው። ክረምቱን መጥታ «አንድ ዓመት ቀረኝ» አለች። የቀረኝም አንድ በሬ ነው...

የሰፈሩ ሰው ይስቅብኛል። «ቀለም ለመቀባት አዲስ አበባ ድረስ? የቀበሌውን መፈክር እዚሁ አትጽፍም?» ይሉኛል። እኔ ፊደል በስተርጅና፣ በመሠረተ ትምህርት የለየሁ ሰው፣ ምን ብዬ ልመልስ?

ስለዚህ ቁርጡን ነገርኳት። «የእናትሽን ፊት ሳዪልኝ። ከሳልሽው በሬው ይሸጣል። ካቃተሽ እዚሁ ቀርተሽ ሰሊጥ ታጭጃለሽ።»

ፎቶዋ የለኝማ! «ጎንደር ወጥተን አንድ ፎቶ እንነሳ» እያለች ስትለምነኝ፣ «ሰሊጡ ይግባና» እያልኩ... ሰሊጡ በየዓመቱ ገባ። ፎቶው ቀረ።

ልጄ ሦስት ቀን ወረቀትና ከሰል ይዛ ተቀመጠች።

«ለከሰል ነው በሬ የሸጥኩት?» አልኳት።

በአራተኛው ቀን አሳየችኝ። አንዲት ሴት በሰሊጥ ማሳ መሃል ትሄዳለች። የሚታየው ጀርባዋ ብቻ ነው።

«ፊቷስ?»

«አባባ፣ እኔ እናቴን የማውቃት እንዲህ ነው። መንገድ ስንወጣ እርስዎ ከፊት፣ እሷ ከመሃል፣ እኔ ከኋላ...»

«ይቺ ማንም ሴት ናት! በቃ፣ አዲስ አበባ ቀረ!»

ልጄ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

በዚህ መሃል ጎረቤታችን ዘነቡ ወንፊት ልትዋስ መጣች። ደፉን ሳታልፍ ወረቀቱን አየችና ቆማ ቀረች።

«ውይ፣ ጥሩዬ!» አለች።

«በምን አወቅሻት?»

«እንዴ አያ ደርሶ! በግራ ትከሻዋ ነዋ። እንስራ እንዳዘለች ከወደቀች ወዲህ ዘንበል ብላ አይደል የምትሄደው?»

«መቼ ወደቀች?»

ዘነቡ ልጄን አየች፣ ልጄ መሬት መሬት አየች።

«ከደጋ ወደዚህ ቆላ በወረዳችሁበት ዓመት... አልነገረችዎትም እንዴ? ‹ሐሳቡ ከእርሻው እንዳይከፈል፣ እንዳትነግሩት› ትለን ነበር።»

ስንት ዓመት ሙሉ ከፊቷ ሄድኩ። አንድ ቀን እንኳ «እለፊ» ብያት አላውቅም።

በሬውን በማግስቱ ገበያ አወጣሁት። የሚስቅ ይሳቅ። «ስዕል መማር ሁለት በሬ ያወጣል ወይ?» ለሚለኝ፣ እኔ ሳላየው የኖርኩትን ልጄ አይታዋለች፤ ያወጣል እላለሁ።

ትናንት ወደ መኪናው ስንሄድ «አንቺ ቅደሚ» አልኳት።

«ምነው አባባ? ደከመዎት?»

«ቅደሚ ብያለሁ!»

ከኋላዋ እየሄድኩ ትከሻዋን አየሁ... ቀጥ ያለ ነው፣ ተመስገን።

አሁን በረቱ ባዶ ነው፣ ቤቱም ባዶ ነው። ጥሩወርቅ ግድግዳው ላይ ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች። ዞር ብትል ግን ምን እንደምላት እንጃ...